ከመተማ ደባት በዳኛቸው መኪና

በእኛ ጊዜ ሽማግሌ በእግሩ ነበር የሚሄድ። በእግሩ፣ ካልሆነም በበቅሎ። ሙሽራው ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። የሙሽራ ሥራው መጠበቅ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። አሁን ግን፣ ኸረ ተዉኝ፣ አሁን ግን ሙሽራው ራሱ ሽማግሌውን ጭኖ ይነዳል! አትሳቂ አንቺ፣ ወገቤ እስኪላቀቅ የተንገላታሁት እኔ ነኝ።

ዳኛቸውን ታውቁታላችሁ፣ የእህቴን ልጅ፣ ያ ኮኪት ትራክተር የሚጠግነውን። ሥራው ከእርሻ እርሻ መዞር ነው፤ ሰሊጡ መሀል ትራክተር ቆመ ሲሉት ይሄዳል፣ የማሽላው ኮምባይነር ተሰበረ ሲሉት ይሄዳል፤ ታዲያ በየበረሃው ማደሪያ የለውምና አንድ ያረጀ ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሩን ሁሉ ነቀለና አልጋ አስገባበት፣ የጋዝ ምድጃ አስገባበት፣ ጣራው ላይ የውሃ በርሜል ሰቀለበት፣ እና ከአልጋው ፊት መጋረጃ፣ ያውም አበባ ያለው መጋረጃ። ሰዉ «ቤት መኪና» ነው የሚላት። እሱ ደግሞ «ቤቴ ናት» ይላል። ቤት ጎማ አለው እንዴ? እኔ ይኸን ስናገር «ጋሼ ዘመኑ ነው» ይለኛል።

ይህ ልጅ ታዲያ ኮኪት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ወደደ። ብርቱካን ትባላለች፣ የደባት ልጅ ናት፣ ደገኛ። እንዴት እንደተዋወቁ እኔ አልጠየቅሁም፤ ዘመኑ ነው ይለኛላ! አምና በሐምሌ ብርቱካን የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አባቷ ቤት ሂዳ ሳለ ስልክ ደወለችለት። «አባየ ለበረሃ ሰው ልጅ አልሰጥም ብሏል» አለችው። «እሁድ ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌ ሊመጣ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነው አሉ፣ ጎንደር ቤት አለው አሉ። ከእሁድ በፊት ካልደረሳችሁ ነገሩ አለቀ» አለችው። ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ትሰማላችሁ? ረቡዕ! እኔ ደግሞ ከመተማ ዮሐንስ ደባት፣ በክረምት፣ በዚህ ዕድሜየ።

እና ልጁ እኔ ዘንድ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። የእህቴ ልጅ ነው፣ አባትም የለው፣ ምን ልበለው? እሽ አልኩት። ሁለት ሰው ጨመርኩ። አንዱ ሐጅ ሙሳ ናቸው፣ ሱቃቸውን ታውቁታላችሁ፣ በሕይወታቸው አንድ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ አንዱ መምህር ይርጋ ናቸው፣ ጡረተኛው፣ አገራቸው ደባት አካባቢ ነው፣ ንግግርም ይችላሉ። ጥሩ ሽማግሌ ነው እንግዲህ፣ አይደል? ከዚያ በኋላ እኔ «አውቶቡስ» አልኩ።

«ጋሼ፣ የመምህር ጉልበት አውቶቡስ ውስጥ አይታጠፍም» አለ ዳኛቸው። «በመኪናዬ ተኝታችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ማን ሊነዳት?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተ ሙሽራ ነህ! ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሲሄድ የት አይተሃል? ደፋር ነው፣ አባት የማያከብር ነው ይሉሃል፣ ነገሩ እዚያው በር ላይ ይበላሻል።»

«ጋሼ፣ ማርሿ ከእኔ በቀር ለማንም አይገባም። ደባት መግቢያ ላይ አውርጃችሁ እደበቃለሁ። አቶ ጌጡ እንደሆነ አይቶኝ አያውቅም።» አቶ ጌጡ የልጅቱ አባት ነው። እኔም ሞኝ፣ እሽ አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። ኮኪት ደረስን፤ ሐጅ ሙሳ «አንድ ደንበኛየን ሰላም ልበል» ብለው ወረዱ። አንድ ሰዓት! በዐረብኛ «ያ ሐጅ፣ ያ ሐጅ» እያሉ አስቀመጧቸው፣ ካርካዴ ቀዱላቸው፣ እኛ ፀሐይ ላይ። ሲመለሱ «ኸላስ፣ አሁን ጨረስኩ፣ እንሂድ» አሉ። ገንዳ ውሃ ደረስን፤ «አንድ ደንበኛየን» አሉ ደግሞ። «ሐጅ፣ አንቱ ሊድሩ ነው የወጡ ወይስ ሊነግዱ?» ብላቸው «ሰላም ያላሉት ሰው ቂም ይይዛል፣ አያ ታከለ» አሉኝ፤ ሌላ ሰዓት ሄደ። መምህር በበኩላቸው መስኮቱን ይከፍቱታል፣ ሐጅ ነፋስ ገባ ብለው ይዘጉታል፣ መምህር ታፈንኩ ብለው ይከፍቱታል፣ እኔ መሀል ነኝ። አልጋው የአንድ ሰው አልጋ ነው፣ ልብ በሉ። ሦስት ሽማግሌ ተርታ ተጋድመናል።

ኬላ ላይ ደግሞ ፖሊሱ የኋላውን በር ከፈተና አየን። ደነገጠ። «ምን ሁነው ነው? ሕመምተኞች ናቸው?» አለ።

«ሽማግሌዎች ናቸው» አለው ዳኛቸው።

«እሱንማ አየሁ።»

«ለጋብቻ፣ ልጅ ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት።»

«እሰይ! ሙሽራውስ የት ቀረ?» አለ ፖሊሱ። እኔ ዝም አልኩ፣ መምህርም ዝም አሉ፣ ሐጅ ሙሳ ግን ዝም ማለትም ውሸት ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ በከዘራቸው ወደ መሪው ጠቆሙ። ፖሊሱ ኮፍያውን ይዞ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ጓደኞቹን ጠራ። «ኑ፣ ሙሽራ ሽማግሌ ጭኖ ሲሄድ ኑና እዩ!» እዩልኝ እንግዲህ፣ የማንም መሳቂያ ሆንን። ያኔ ነበር መመለስ የነበረብኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ መጣ። የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፣ ዳኛቸው በጎን ልለፍ ብሎ ዋልካው ውስጥ ገባ። የእኛን አገር ዋልካ ታውቁታላችሁ፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። «ጋሼ ትንሽ ገፋ አድርጉልኝ» ይለኛል! ሰባ ዓመት አልፎኝ፣ ልጅ ሊያጋባ የወጣ ሽማግሌ፣ ጋቢየን አውልቄ ገፋሁ። ሐጅ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ገፉ፣ አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ። መምህር ጉልበታቸውን ይዘው ቆመው «በቀኝ ነው! በቀኝ!» ይላሉ። አስተማሪ አይደሉ፣ ያስተምሩናል። ስንወጣ ማን ሽማግሌ ማን ጭቃ እንደሆነ አይለይም።

ነጋዴ ባሕርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ደግሞ ሞተሩ ጋለ፣ ራዲያተሩ ፈላ። እየቆምን፣ ውሃ እየጨመርን፣ እየቆምን፣ ውሃ እየጨመርን። በርሜሉ ባዶ ሆነ፣ ለመጠጥ የያዝነውን ኮዳ እንኳ እሷ ጠጣችው። መምህር መስኮቱን ከፍተው «ያ የምታዩት ተራራ…» ሲሉ «መምህር፣ ተራራው የትም አይሄድ፣ ዝጉልኝ!» አልኳቸው፣ ተቀየሙኝ። አይከል ስንደርስ ጉም ነው፣ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም፣ ብርዱ ደግሞ! እኛ የበረሃ ሰዎች ነን፣ ስስ ልብስ ነው የለበስን። ሐጅ በዚያች በረጠበች ጀላቢያ ሲንቀጠቀጡ አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ያለችን ደረቅ ጋቢ አንዲት ናት። ሦስት ሰው በአንድ ጋቢ፣ የተኳረፈ ሰው ከተኳረፈ ሰው ጋር ተቃቅፎ። አይከል አደርን። ዓርብ ጎንደር ገባን፣ ሐጅ ጁምዓ ሰገዱ፣ ጫማ ገዙ፣ ዳኛቸው ራዲያተሩን በየጠበሉ… ኸረ ምን እላለሁ፣ በየጋራዡ ሲያስበይድ ዋለ። አምባ ጊዮርጊስ አደርን። ልጁ ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፣ እሱን እንኳ ልመስክርለት።

ቅዳሜ ማለዳ ደባት ገባን። ተመስገን፣ እሁድ ሳይመጣ። «በል እዚህ አቁምና አውርደን» አልኩት። ዳኛቸው መንዳቱን ቀጠለ። «አቁም እንጂ!»

«ጋሼ፣ ባትሪው ሙቷል። መምህር መብራቱን አብርተው መጽሐፍ ሲያነቡ አደሩ። በግፊ ነው ያስነሣኋት፣ ካቆምኳት አትነሣም።»

«እና?»

«እና በር ድረስ ልሂድና ቁልቁለት ላይ ላቁማት።»

እና በር ድረስ ሄደ! የአቶ ጌጡ አጥር ሥር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ፣ ቤት መኪናዋ እየተንኳኳች ቆመች። ውሻው ጮኸ። ዳኛቸው ከመሪው ዘልሎ አልጋው ላይ ወጣና መጋረጃውን ሳበ። «ትንፍሽ እንዳትል» አልኩት። እኛ ወረድን፣ ልብሳችን ላይ የደረቀ የመተማ ጭቃ እያራገፍን በሩ ላይ ቆምን።

አቶ ጌጡ ወጣ። ረዥም ሰው ነው፣ ዓይኑ ሰው የሚመዝን። «ደኅና አደራችሁ፣ ግቡ እንጂ» አለ።

«የመጣንበትን ሳንናገር፣ ቃልም ሳናገኝ አንቀመጥም» አልኩ እንደ ደንቡ። ሽማግሌ እሽታ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይበላም፣ አይጠጣም፣ መቼም ይኸን ታውቃላችሁ።

«ተናገሩዋ።»

ተናገርን። መምህር አሳምረው ጀመሩት፣ የልጁን ዘር ቆጠሩ፣ ሙያውን አወደሱ። አቶ ጌጡ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «በረሃ ነው» አለ። «ልጄ ለሥራ ወረደች እንጂ ወባ እንዲበላት አልወለድኳትም። ለመሆኑ ይህ ልጅ ቤት አለው?» ነገሩ ሊበላሽ መሆኑን ሁላችንም አየን። በማግሥቱ የባንኩ ሰው ሽማግሌ ይመጣል፣ ቤት ያለው። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ፣ «አለው እንጂ! ኮኪት ላይ ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ጊቢው ማንጎ የተተከለበት» አለ። ሐጅ ሙሳ ወደ ሰማይ አዩ።

አቶ ጌጡ ፊቱን አዙሮ መኪናዋን አየ። «ይህችስ ምንድን ናት? መጋረጃ ያላት?» ብሎ ወደ እሷ ሄደ። ልከለክለው እግሬን አነሣሁ፣ ምን ብየ ልከልክለው? በሩን ከፈተ፣ መጋረጃውን ገለጠ። ያ ልጅ ታዲያ ተደብቋል ብላችሁ? ተኝቷል! አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ! ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው፣ ለስላሳ ሲያገኝ ምን ያድርግ፣ ግን በዚያች ሰዓት! እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይህስ ማነው?» አለ አቶ ጌጡ።

መምህር ፈጠን ብለው «ሹፌሩ ነው» አሉ። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም፣ ሐጅም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ሹፌር ምን በደለ? ሽማግሌ እናንተ፣ የማትበሉ እናንተ። ተነሥ ልጀ፣ ግባ፣ ብርዱ ገድሎሃል፣ ቅመስ።» ብሎ እጁን ይዞ አስገባው! እኛ በር ላይ፣ ካፊያው ይወርድብናል፣ ከውስጥ የገብስ ገንፎ ሽታ፣ ቅቤው፣ በርበሬው። ሽታው በላን እንጂ እኛ ምን በላን! በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉን አያለሁ። ብርቱካን ገንፎውን ይዛ ብቅ አለች፣ ማን እንደተቀመጠ አየች። አስቀምጣው ጓዳ ሮጠች። አቶ ጌጡ እሷንም አየ፣ ልጁንም አየ።

«ብላ ልጀ። ሹፌር ከጀርባው የሚወራውን ሁሉ ይሰማል፣ ስለዚህ አንተን ልጠይቅህ። ልጄን የሚጠይቃት ሰው ምን ዓይነት ነው?»

ልጁ የጎረሰውን ዋጠ። ምነው ዝም ባለ! «ትራክተር ሥር ተኝቶ የሚውል ነው» አለ። «እጁ ናፍጣ ይሸታል።»

«ቤት አለው አሉኝ። ባለ ሦስት ክፍል፣ ማንጎ ያለው።»

እኔ በር ላይ ቆሜ በዓይኔ ለመንኩት፣ በጋቢየ ጫፍ ጠቀስኩት። አየኝ። አይቶኝ ሲያበቃ ወደ አቶ ጌጡ ዞረ። «የለውም» አለ። «ቦታ አለው፣ ግድግዳው ገና አልቆመም። ማንጎም የለ። ቤቱ ያች በር ላይ ያለችው መኪና ናት።»

«ወባስ?»

«ሁለት ጊዜ ታሟል። በሁለተኛው ሊሞት ነበር፣ ሌሊቱን ሁሉ ከራስጌው ሳትነሣ ያዳነችው የእርስዎ ልጅ ናት። ጋሼ፣ ይህን አይቶ በረሃውን መጥላት ይቻላል፣ እኔ አልከራከርም። ደግሞ ባለጌ ነው፣ ሽማግሌ ልኮ ራሱ መጥቷል። ገንፎዎንም እየበላ ነው።» ብሎ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፣ አንገቱን ደፋ።

እናንተየ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። ይህን ሁሉ ዋልካ፣ ይህን ሁሉ ዳገት፣ በአንድ አፍ አፈረሰው አልኩ። አልዋሻችሁም፣ በቦክስ ልለው ነበር። ጓዳ ውስጥ ልጅቱ ስታለቅስ ይሰማል።

አቶ ጌጡ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ወጣ። አንድ በአንድ አየን፣ እኔ ላይ ሲደርስ ቆየ። «እናንተ በዚህ ዕድሜያችሁ፣ በዚህ ጭቃ፣ በር ላይ ቆማችሁ ዋሻችሁኝ። ለእናንተ የምሰጠው ልጅ የለኝም» አለ። አፈርኩ። እስከ ዛሬ ለሠላሳ ጋብቻ ሽማግሌ ሁኜ ሂጃለሁ፣ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ አንገቴን ደፍቼ መሬቱን አየሁ። ሐጅ «እውነትዎን ነው» አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው!

አቶ ጌጡ ወደ ቤቱ ዞረና በሩ ላይ ቆመ። «ለሹፌሩ ግን አለኝ» አለ።

አልገባኝም። መምህር እጄን ያዙኝ። «አያ ታከለ፣ እሽ አለ እኮ!» «ምን አለ?» «እሽ አለ!» ከዚያ እልልታው ከጓዳ ፈነዳ፣ እናቲቱ ናት፣ አስገቡን፣ አስቀመጡን፣ ገንፎው ግን አልቋል። ሌላ እስኪገነፋ ቁጭ። ሲመጣ በላን፣ ሐጅ ሁለት ሳህን፣ እኔ ግን የእኔን አጋምሼ ወደ መምህር ገፋሁት። ለባንኩ ሰው ሽማግሌዎች ያኑ ዕለት ስልክ ተደወለላቸው፣ አትድከሙ ተባሉ።

ያልቃል ትላላችሁ? አላለቀም! አቶ ጌጡ «ወፍጮየ ከሰኔ ጀምሮ ቆሟል፣ ሹፌሩ ይቆይልኝ» አለና ልጁን አስቀረው፣ ከነመኪናው። እኛን አውቶቡስ ላይ ሰቀለን። የመምህር ጉልበት ከአፍንጫቸው ጋር ተጣብቆ፣ እሳቸው እያቃሰቱ፣ ሐጅ በየከተማው ልውረድ እያሉ፣ እንዲያ ሁነን መተማ ገባን። ወፍጮው ተሠራ፣ ሠርጉም በጥር ሆነ፣ የኮኪቱ ቤትም ዘንድሮ ግድግዳው ቆመ። ከእንግዲህ ግን እኔን ለሽማግሌ የሚጠራ ሰው ሙሽራውን ቤት ቆልፎበት ይምጣ።

«አያ ታከለ፣ ግን ያን ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣ ከእነማንጎው፣ ማን ነበር የተናገረ? መምህር ይርጋ ናቸው?»

መምህርማ ምን አሉ፣ ዘር ነው የቆጠሩ።

«ሐጅ ሙሳ መቼም አይሆኑ።»

እሳቸው? እሳቸውማ አይዋሹ።

«ታዲያ ማን ቀረ?»

እኔ ነኛ! እኔ ነኝ፣ ምን ይሁን? የእህቴ ልጅ ነው፣ አባት የለው፣ ከእጁ ልትሄድበት ስትል ዝም ልበል? ሳቁ እንግዲህ፣ ሳቁ። አንቺ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ትስቂያለሽ።